የጤና ጣቢያ ሠራተኛ እንዳይለቅ፦ ከመልቀቂያ ደብዳቤው በፊት የሚሠሩ ሥራዎች፣ ደረጃ በደረጃ

አንዲት ነርስ መልቀቂያ ስታስገባ ኃላፊው "ምነው ሲስተር፣ ደመወዙ ነው?" ይላል። እሷም "አዎ" ትላለች። ሁለቱም ተገላገሉ። ደመወዝ ማንንም የማያስቀይም መልስ ነው። ግን ደመወዙ አምናም ያው ነበር። አምና ያልለቀቀችው ሴት ዘንድሮ ምን አገኛት?

ይህ መመሪያ ለጤና ጣቢያ ኃላፊዎች፣ ለነርሶች አስተባባሪዎችና ለሰው ሀብት ሠራተኞች ነው። የደመወዝ ስኬል የመቀየር ሥልጣን ለሌላችሁ ማለት ነው። ክፍያ ለውጥ አያመጣም እያልኩ አይደለም። ዝቅተኛ ደመወዝን በምስጋና ወረቀት ለመሸፈን የሚሞክር አለቃ ይናቃል፣ ሲያንሰው ነው። የምለው፣ ሰውን የሚያስመርሩ ብዙ ነገሮች እዚያው ግቢ ውስጥ ይፈጠራሉ፣ እዚያው ግቢ ውስጥም ይፈታሉ። እነሱን ሳይነኩ ስልጠና፣ ሽልማትና የሠራተኞች ቀን ማዘጋጀት ገንዘብ መጣል ነው።

ደረጃ 1፦ ማን ለቀቀ? መቼ? ከየትኛው ክፍል?

ያለፉትን 24 ወራት መዝገብ አውጡ። የለቀቁትን ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ አስፍሩ። ስም አያስፈልግም። ሙያ፣ የቆዩበት ጊዜ፣ ክፍልና የሄዱበት ቦታ ይበቃል። በጡረታ የወጡትን ለብቻ ያዙ።

ስሌቱ ቀላል ነው። በዓመቱ የለቀቁትን ለዓመቱ አማካይ የሠራተኛ ቁጥር አካፍሉ፣ በ100 አባዙ። 40 ሠራተኛ ካለበት 6 ከለቀቁ 15 በመቶ ነው። በዚህ ቁጥር ብቻ ግን አትርኩ። ስድስቱ ከየክፍሉ አንድ አንድ ከሆኑ አንድ ነገር ነው። አራቱ ከማዋለጃ ክፍል ከሆኑ ግን ምርመራው ከየት እንደሚጀመር ታወቀ።

የቆይታ ጊዜውም ብዙ ይናገራል። ገና ዓመት ሳይሞላቸው የሚወጡት አብዛኛውን ጊዜ ስለ አቀባበላችሁ እየነገሯችሁ ነው። አምስት ስድስት ዓመት ሠርተው የሚሄዱት ደግሞ የሚያድጉበት መንገድ አልታያቸውም ይሆናል። ለሁለቱም አንድ ዓይነት መፍትሔ አይሠራም።

ደረጃ 2፦ ሳይለቁ ጠይቋቸው

ብዙ መሥሪያ ቤት ሰውን የሚያነጋግረው ሲወጣ ነው። ያኔ ዘግይቷል። የሚወጣ ሰው ክሊራንስ ይፈልጋል፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ይፈልጋል። ነገ ሌላ ቀጣሪ ስለሱ ደውሎ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ስለዚህ በጨዋ ደንብ ተሰናብቶ ይሄዳል እንጂ እውነቱን አይነግራችሁም።

የሚሻለው ገና እየሠራ ያለውን ሰው ማነጋገር ነው። ከእያንዳንዱ ሠራተኛ ጋር በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሃያ ደቂቃ። ከሥራ አፈጻጸም ግምገማ ጋር አትቀላቅሉት። ውጤት ሊሰጠው የቀረበ ሰው ልቡን አይከፍትም። በር ዝጉ፣ ስልክ አጥፉ፣ ከጠረጴዛው ጀርባ ወጥታችሁ ተቀመጡ። እነዚህን ጠይቁ፦

- ባለፈው ወር ሥራ ውለሽ ደስ ብሎሽ ወደ ቤት የሄድሽበት ቀን የትኛው ነው? ምን ስለሆነ?
- ልልቀቅ ብለሽ ያሰብሽበት የመጨረሻ ቀንስ? ያን ቀን ምን ተፈጠረ?
- ከላይሽ ላይ አንድ ሥራ ላነሳልሽ ብችል የቱን ላንሳ?
- ተምረሽው እዚህ የማትጠቀሚበት ሙያ አለ?
- ሥራሽን የሚያከብድብሽ፣ እኔ የማደርገው ነገር ምንድን ነው?

ሁለተኛው ጥያቄ ዋናው ነው። "በሥራሽ ደስተኛ ነሽ?" ብትሏት "ደህና ነው፣ ተመስገን" ትላችኋለች። ቀን ስትጠይቋት ግን ነገሩ ይለወጣል። ንግግሩ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ይሄዳል፦

"ሁሉም ደህና ነው።"
"እሺ ሲስተር። ግን ልልቀቅ ያልሽበት ቀን የለም?"
"ውይ... ባለፈው ቅዳሜ እንኳ ብዬ ነበር።"
"ቅዳሜ ምን ሆነ?"
"ዱቲ የለኝም ብዬ ለልጄ ቃል ገብቼ ነበር። ዓርብ ማታ ተደውሎ 'ነገ ግቢ' ተባልኩ። ይሄ ደግሞ የመጀመሪያ አይደለም።"

እዚህ ላይ የመከላከል ፍላጎት ይመጣባችኋል። "ሰው ታሞብን እኮ ነው" ልትሉ ነው። አትበሉ። ጻፉት፣ "ገባኝ" በሉ፣ ቀጥሉ። የማትችሉትን ቃል አትግቡ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ግን መልስ ይዛችሁ ተመለሱ፣ መልሱ "አልተቻለም፣ ምክንያቱም..." ቢሆንም። ጠይቆ የጠፋ አለቃ ጭራሽ ካልጠየቀው የባሰ ነው።

ደረጃ 3፦ አጭር መጠይቅ ጨምሩ

ፊት ለፊት የማይነገር ነገር አለ፣ በተለይ ስለ ቅርብ አለቃ። ለዚህ መጠይቅ ይረዳል። ከታወቁት የሥራ እርካታ መለኪያዎች አንዱ ተመራማሪው ፖል ስፔክተር እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው ነው። 36 ጥያቄዎች ያሉት ሲሆን ዘጠኝ ጉዳዮችን ይለካል፦ ክፍያ፣ የደረጃ ዕድገት፣ የአለቃ አያያዝ፣ ጥቅማጥቅም፣ ዕውቅና፣ የአሠራር ደንቦች፣ የሥራ ባልደረቦች፣ ሥራው ራሱና የመረጃ ልውውጥ። ለትንሽ ጤና ጣቢያ 36 ጥያቄ ይበዛል። ለየጉዳዩ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉና ከ1 እስከ 5 እንዲመዝኑት አድርጉ።

በመጨረሻ ይህን ጨምሩ፦ "በሚቀጥሉት 12 ወራት ሌላ ሥራ ለመፈለግ ታስባለህ?" ዊሊያም ሞብሊ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1977 እንዳስረዳው፣ ሰው ከቅሬታ በቀጥታ ወደ መልቀቅ አይዘልም። ያስባል፣ ይፈልጋል፣ ያወዳድራል፣ ከዚያ ይወስናል። እናንተ መድረስ ያለባችሁ "እያሰበ" ባለበት ሰዓት ነው።

ስም አለመጻፍ ብቻውን ሰውን አይሰውርም። የላብራቶሪ ባለሙያው አንድ ብቻ ከሆነና ቅጹ "ሙያህ ምንድን ነው?" ካለ፣ ስሙን አስፈረማችሁት ማለት ነው። ዕድሜ፣ ጾታና ሙያ አንድ ላይ አትጠይቁ። የእጅ ጽሕፈትም ያስታውቃል፣ ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ ያክብቡ።

ደረጃ 4፦ ቅሬታውን በሦስት ክፈሉት

የሰበሰባችሁትን ሁሉ ሦስት ቦታ አስቀምጡት። አንድ፣ ነገ በራሳችን የምንለውጠው። ሁለት፣ ለበላይ አካል ጽፈን የምንከራከርበት። ሦስት፣ በእጃችን ያልሆነ። ዝርዝሩን ለሠራተኛው በግልጽ አሳዩት። ሦስተኛውን መደበቅ ሐሜት ይወልዳል።

እ.ኤ.አ. በ1959 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፍሬድሪክ ኸርዝበርግና ባልደረቦቹ መሐንዲሶችንና የሂሳብ ባለሙያዎችን አነጋግረው አንድ ሐሳብ አቀረቡ። ሰውን የሚያስመርሩት ነገሮችና የሚያስደስቱት ነገሮች የተለያዩ ናቸው አሉ። ደመወዝ፣ የአለቃ ጠባይ፣ የሥራ ቦታ ሁኔታ ሲጓደሉ ያስመርራሉ፣ ሲሟሉ ግን ምሬት ይቀንሳል እንጂ ፍቅር አያመጡም። ፍቅር የሚያመጣው ውጤት ማየት፣ ዕውቅና፣ ኃላፊነትና ማደግ ነው። ክፍፍሉን የተቹ ብዙ ናቸው። ሰው ጥሩ ነገር ሲሆን ለራሱ፣ መጥፎ ሲሆን ለአካባቢው መስጠት ይቀናዋል ይላሉ። ትችቱ ልክ ይመስለኛል፣ ግን ቅደም ተከተል ለማውጣት ሐሳቡ ይረዳል፦ መጀመሪያ የሚያስመርረውን ንቀሉ፣ ዕውቅናው ይከተላል። ጓንት የሌለውን ክፍል "የወሩ ምርጥ ክፍል" ብሎ መሸለም ቀልድ ነው።

ደረጃ 5፦ የዱቲ ፕሮግራሙን አስተካክሉ

አንድ ነገር ብቻ የመሥራት አቅም ካላችሁ ይህን ሥሩ። ገንዘብ አይጠይቅም። ሰው ቤተሰቡን፣ ትምህርቱን፣ እንቅልፉን የሚያስተካክለው በዱቲ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ካልታመነ ሕይወቱም አይታመንም።

ፕሮግራሙ ወሩ ከመግባቱ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይውጣ፣ አራት ሳምንት ቢሆን ይመረጣል። ከወጣ በኋላ የሚለወጠው በጽሑፍና በምክንያት ብቻ ይሁን። ሰው ሲታመም ማን እንደሚተካም ቀድሞ ይታወቅ። በየሳምንቱ አንድ ተጠባባቂ መድቡ፣ ተጠባባቂነቱም ይቆጠርለት። ያኔ ዓርብ ማታ ስልክ የሚደወለው በተራ እንጂ "እሺ ባይዋ" ላይ አይሆንም። በየጤና ጣቢያው እንቢ ማለት የማትችል አንዲት ሴት አለች። ሁሌ የሚደወለው ለእሷ ነው። ቀድማ የምትለቀውም እሷ ናት።

ከዚያ አንድ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ለየሰው አራት ቁጥር ይያዝበት፦ ያደረው ሌሊት፣ የሠራው ቅዳሜና እሁድ፣ የሠራው የበዓል ቀን፣ በድንገት የተጠራበት ጊዜ። በየሦስት ወሩ ደምሩት። አንዷ 9፣ ሌላዋ 4 ቅዳሜና እሁድ ሠርተው ከሆነ ቀጣዩ ፕሮግራም ያንን ያካክስ። አድልዎ አለ የሚለው ወሬ ብዙ ጊዜ የሚኖረው ቁጥር በሌለበት ነው። አንዳንዴ ደግሞ ቁጥሩ ወሬው እውነት እንደነበር ያሳያል። ያኔ ማስተካከል እንጂ ወረቀቱን ማንሳት አይደለም።

ሌሊት ያደረ ሰው ጠዋት ተመላላሽ ክፍል አይመደብ። እርስ በርስ መቀያየር ይፈቀድ፣ ሁለቱ ይፈርሙ፣ አስተባባሪው ይወቀው፣ አለቀ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ከሌሊት ተራ ስትወጣ ሸክሙ በአንድ ሰው ላይ እንዳይወድቅ ለሁሉም ይከፋፈል። እረፍት ላይ ላለ ሰው ስለ ሪፖርት ቴሌግራም አትላኩ። ቸኩሎ የሚጠበቅ ሪፖርት ካለ ተረኛው ይሥራው።

የዱቲ ክፍያንም እዚሁ ላንሳው። መጠኑን መጨመር ባትችሉ በሰዓቱ መክፈልና ስሌቱን ማሳየት ትችላላችሁ። ስንት ሰዓት፣ በስንት ተባዝቶ፣ ምን ተቆርጦ። ክፍያው ከዘገየ ቀድማችሁ ንገሩ። ሰው መዘግየቱን ይችላል። ከፋይናንስ ክፍል በር ላይ ሦስት ቀን መመላለሱ ነው የሚያንገሸግሸው።

ደረጃ 6፦ መሣሪያና ደህንነት

አንዲት አዋላጅ የማዋለጃው መብራት ስለተቃጠለ በስልክ ባትሪ ስታዋልድ አስቡ። ስልኩን የምትይዝላት የወላዷ እናት ናት። እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ብርሃኑም አብሮ ይንቀጠቀጣል። አምፖሉ ለወራት ይጠየቃል፣ ለወራት "በሂደት ላይ ነው" ይባላል። ይህች ባለሙያ የምትለቀው አምፖል ስለጠፋ ብቻ አይደለም። ሥራዋን በአግባቡ መሥራት እያወቀች ስላልቻለች ነው። ለጤና ባለሙያ ከዚህ የሚብስ ድካም ጥቂት ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍል ያለነሱ የማይሠራባቸውን አሥር ነገሮች ይጻፍ፦ ጓንት፣ የደም ግፊት መለኪያ፣ ሴፍቲ ቦክስ (ያገለገለ መርፌ መጣያ)፣ ውኃ፣ ሳሙና፣ መብራት፣ እንዲህ እያለ። ሰኞ ጠዋት አሥር ደቂቃ ይታይ። ለጥቃቅን ጥገና የሚሆን፣ ያለ ረጅም ፊርማ የሚወጣ ገንዘብ ደንቡ ከፈቀደ አዘጋጁ።

ደህንነት ሲባል ደግሞ በተግባር ይታይ። ሠራተኛው ሁሉ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት መውሰዱን መዝግቡ። የተለመደው ሦስት ጊዜ ነው፦ ዛሬ፣ ከአንድ ወር በኋላ፣ ከመጀመሪያው ስድስት ወር ሲሞላ። መርፌ የወጋው ሰው በሌሊትም ቢሆን ወዴት እንደሚሄድ ይወቅ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት ቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል፣ ከ72 ሰዓት ማለፍ የለበትም፣ ለ28 ቀናት ይወሰዳል። መድኃኒቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ቁልፉ ከሄደ ሰው ጋር ከሆነ የለም ማለት ነው።

ታካሚ ወይም አስታማሚ ባለሙያን ሲሳደብ ወይም ሲማታ ኃላፊው በዚያው ቀን ይገኝ። "ቻይው፣ ደንበኛ ነው" የሚለውን ተዉት። ድርጊቱ ይመዝገብ፣ ባለሙያዋ ዕለቱን ትረፍ፣ ወደ ሕግ የሚሄድ ከሆነ መሥሪያ ቤቱ አብሯት ይቁም።

ደረጃ 7፦ ድካምን በጥናት እንጂ በምክር አትፍቱ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መግለጫ በርንአውትን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት እንጂ በሽታ አላለውም። ምንጩ በአግባቡ ያልተያዘ የረጅም ጊዜ የሥራ ውጥረት ነው፣ ሦስት ምልክቶችም አሉት፦ መዛል፣ ከሥራው በልብ መራቅ ወይም መጠራጠር፣ የመሥራት አቅም መቀነስ። "ምንጩ ሥራው ነው" ከተባለ ሠራተኛውን ብቻ ጭንቀት ስለ መቀነስ ማሰልጠን ግማሽ መንገድ ነው።

ጫናውን አስሉት። ድርጅቱ ለዚህ ዊስን የሚባል ዘዴ አለው፣ ጭምቅ ሐሳቡ ይህ ነው። ዓመቱ 260 የሥራ ቀናት አሉት እንበል። የዓመት ፈቃድ 20፣ በዓል 10፣ ሕመም 5፣ ስልጠና 5 ቀን ሲቀነስ 220 ይቀራል። በቀን 8 ሰዓት ሲባዛ 1,760 ሰዓት። አሁን የእርግዝና ክትትሉን ውሰዱ። በዓመት 6,000 ምርመራ፣ አንዱ 20 ደቂቃ ቢፈጅ 2,000 ሰዓት ነው። ለአንድ ሰው ከሚቻለው አልፏል፣ ገና ወሊድ ሳይቆጠር። ይህን ወረቀት ይዛችሁ የበላይ አካል ፊት ስትቀርቡ "ሰው አነሰን" ከሚለው ደብዳቤ የተለየ ክብደት አለው።

ሰው እስኪጨመር ደግሞ ሥራ ቀንሱ። አንድ ታካሚ በስንት መዝገብ እንደሚጻፍ ቁጠሩ። አንዱ የሌላው ግልባጭ ከሆነ እንዲቀር ጠይቁ። ከሬጅስተር ወደ ሪፖርት መገልበጡን የመረጃ ሠራተኛ ይያዘው።

ደረጃ 8፦ ሱፐርቪዥን፣ ዕውቅና፣ ስልጠና

ቼክሊስት ይዞ መጥቶ ጉድለት ቆጥሮ የሚሄድ ሱፐርቫይዘርን ማንም አይናፍቅም። ከወረቀቱ በፊት አብሮ አንድ ታካሚ ይይ። ባለፈው ጉብኝት ምን ቃል እንደተገባና ምን እንደተፈጸመ ከራሱ ይጀምር። ስህተት በግል ይነገር። ምስጋና ግን ዝርዝር ይኑረው፦ "ጎበዝ ናችሁ" ሳይሆን "ያንን የሳንባ ምች ሕፃን ቶሎ ለይተሽ ማስተላለፍሽ አድኖታል"። ሪፈር የተደረገው ታካሚ ምን እንደሆነ ከሆስፒታል ጠይቃችሁ ለባለሙያዋ ንገሯት። ወጪው አንድ ስልክ ነው።

ስልጠና ብዙ ቦታ የቂም ምንጭ ነው፣ ምክንያቱም ማን እንደሚሄድ በምን እንደተወሰነ አይታወቅም። መስፈርቱን ለጥፉ፣ ማን መቼ እንደሄደ መዝግቡ። የተመለሰው ሰው ለሌሎቹ አንድ ሰዓት ያስተምር።

ስለ ሩቅ ቦታ ጤና ተቋማት አንድ ነገር ልጨምር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣውና በ2021 ባሻሻለው መመሪያ፣ ትምህርት፣ ሕግ፣ ክፍያና የግል ድጋፍ ተጣምረው ሲሄዱ እንጂ አንዱ ብቻውን እንደማይበቃ ይመክራል። ገጠር ያደገ ተማሪ ተመርቆ ገጠር የመሥራት ዕድሉም ከፍ ያለ ነው። ለእናንተ ይህ ማለት፣ ቅጥር ላይ ድምፅ ካላችሁ የአካባቢውን ልጅ አትለፉት። የመጣውን ደግሞ መኖሪያ ቤት፣ የልጅ ትምህርት ቤትና የትዳር አጋሩን ሥራ ጠይቁት። የግዴታ አገልግሎት ውል ሰውን እስከ ቀኑ ድረስ ያስቆያል። ድጋፍ ካልታከለበት ግን ውሉ ባለቀ ማግስት ሻንጣ ይታሰራል።

ደረጃ 9፦ ሲገቡና ሲወጡ

አዲስ ሰው ሲመጣ የመጀመሪያው ቀን ለወረቀት፣ ለመተዋወቅና ለጉብኝት ይሁን። አጠገቡ የሚጠይቀው አንድ ነባር ባልደረባ መድቡለት። በመጀመሪያው ወር ብቻውን ሌሊት አታሳድሩት። በ30ኛው፣ በ60ኛውና በ90ኛው ቀን "ስትቀጠር የተነገረህና ያገኘኸው ይመሳሰላል?" ብላችሁ ጠይቁ።

በየሦስት ወሩ አራት ነገር ብቻ እዩ፦ የለቀቁ ሰዎች፣ "እለቃለሁ" ያሉ በመቶኛ፣ ያለፈቃድ መቅረት፣ ከወጣ በኋላ የተለወጠ የዱቲ ፕሮግራም። መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰው የመጨረሻው ነው። እሱ እንኳ ካልቀነሰ ወደ ደረጃ 5 ተመለሱ፣ አዲስ ዕቅድ አትጀምሩ።

ሁሉን አድርጋችሁም የሚለቅ ይኖራል። ሊማር፣ ሊያገባ፣ የተሻለ አግኝቶ ሊሄድ ይችላል። ደብዳቤውን ሲያስገባ አታኩርፉ። ሥራውን የሚያስረክብበት ዝርዝር ስጡት፣ ክሊራንሱን አንድ ሰው ይዞ ያስጨርስለት፣ የሥራ ልምዱን ሳይመላለስ በእጁ ስጡት። የቀሩት ሠራተኞች ሁሉ ይህን እያዩ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ከዓመት በኋላ ቦታ ይኖር እንደሆነ ደውሎ ይጠይቃል። ስልካችሁን እንዲይዘው አድርጉ።